በወሬ መሀል የወጣው ቁጥር

የውሃ ቦቴው ሾፌር ስሙ ተረስቶ ቅጽሉ የቀረለት ሰው ነው፤ ጋራዡ በሙሉ «ቃለ አጋኖ» ይለዋል። ካፊያ ከነካው ጎርፍ ወሰደኝ ይላል፤ ቡችላ ከጮኸበት አንበሳ ነው። አንድ ቀን የጋራዡ መካኒክ ጡረታ ወጥቶ የመሰናበቻ ምሳ ነበር። ቃለ አጋኖ አራት ቢራውን ጨረሰና፣ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ አንድ ብርጭቆ ውስኪ ግልብጥ አደረገ። ከዚያ መካኒኩን አጠገቡ አስቀምጦ ቦቴውን አስነሳ።

ሩቅ አልሄዱም። ድልድዩን እንዳለፉ አንዲት ትራፊክ ፖሊስ እጇን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ምን ጠጥተዋል?»

«አንዲት ቢራ። እሷም አረፋ ብቻ ነበረች።»

«እስቲ እዚህች ላይ ይንፉልኝ» አለችና ከሳሙና የማትበልጥ የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ አፉ ላይ ደቀነችበት።

እፍፍ አለ። መሣሪያዋ ሠላሳ አንድ አሳየች።

«ከሃያ አምስት በታች ቢሆን ይሄዱ ነበር» አለች። «እስከ አርባ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብዎታል፤ መኪናዋንም ያልጠጣ ሾፌር መጥቶ ይወስዳታል። ከአርባ ካለፈ ግን መንጃ ፈቃድዎ ለአንድ ዓመት ይያዝና ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። እንኳን አላለፉ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ይፈርማል።

«ሠላሳ ዓመት ስነዳ በስሜ ነጠላ ሰረዝ አልተጻፈም!» አለ ቃለ አጋኖ። «የኔ ልጅ፣ መሣሪያሽ ታማለች። ድጋሚ የመለካት መብት የለኝም?»

«አለዎት፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ። ግን የሚጸናው ሁለተኛው ነው፤ ቢወርድም ቢወጣም።»

«ቢወጣም?» ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እዚህ አስፋልት ላይ ማን ሊያጠጣኝ ነው?»

መካኒኩ እጅጌውን ጎተተው። «አንተ ሰውዬ፣ ማስጠንቀቂያህን ይዘህ ዝም በል! መንጃ ፈቃድህን ከተቀማህ ምን ልትበላ ነው?»

«አንተ የምታውቀው ሞተር ነው፤ ሆድ አታውቅም። ሳወራ ትንፋሽ ይወጣል፤ ትንፋሹ ሲወጣ መጠጡም አብሮ ውልቅ ይላል።»

በዚህ ስሌት ወሬውን ጀመረ። አንድ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ ቢለው የኋላውን ቧንቧ ከፈተ። ውሃው ሲወርድ ቦቴው ቀለለ፣ ቀለለና ጎማው ከመሬት ተነሳ።

«ስንት ያህል?» አለች ትራፊኳ፤ ሰዓቷን ማየት ረስታለች።

«መጀመሪያ ስንዝር። በኋላ ከስልክ እንጨት በላይ! አንዲት እናት ከሦስተኛ ፎቅ ‹ልብሴን አትንካብኝ!› ብላ ጮኸችብኝ። በመስኮት ወጥቼ ገመዱን ከፍ አድርጌ አለፍኩ።»

የቆሙ ሾፌሮች ሳይቀሩ ከበቡት። ቃለ አጋኖ ላብ በላብ ሆነ፤ ምላሱም ትንሽ ከበድ አለው፤ እሱ ግን መጠጡ እየወጣለት መሰለው። ቦቴው እንደ ላባ መሬት ሲያርፍ ሃያ ደቂቃው ሞላ። ደረቱን ነፍቶ መሣሪያዋ ላይ እፍፍፍ አለ።

ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ስምንት። አርባ። አርባ አራት ላይ ቆመ።

ቃለ አጋኖ መዳፉን አየ፤ ብርጭቆ የለም። ኋላውን ዞሮ አየ፤ የሚቀዳለት ሰው የለም።

«ማን አጠጣኝ?» አለ በሹክሹክታ።

«በመጨረሻ የጠጡት ነዋ» አለች ትራፊኳ፣ እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። እርስዎ ሲያወሩ እሱ ሥራ ላይ ነበር።»

ሆዱን እንደ ሌላ ሰው ሆድ ቁልቁል አየው። ዕድሜውን ሙሉ ነገር ሲያሳብጥ የኖረው እሱ ነው፤ ይህ መጠጥ ግን አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ማንም ሳያየው፣ እዚያው ውስጡ ተቀምጦ ሲያድግ ቆየ። እንዲህ ያለ ነገር እሱ እንኳ ፈጥሮ አያውቅም። ፍርሃትም አይሉት አድናቆት፣ ጸጉሩ ቆመ።

ትራፊኳ ወረቀት አወጣች። «እንግዲህ ላስፈርምዎት ነው። ምን ያህል ጠጥተዋል?»

«አራት ቢራ። በር ላይ ደግሞ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውስኪ።»

መካኒኩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚህ ሰውዬ አፍ ልክ የሆነ ቁጥር ሲወጣ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ቃለ አጋኖ ግን አላየውም፤ መንጃ ፈቃዱን በሁለት እጁ አቀበላት።

ጠዋት ጋራዥ ገብቶ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ሾፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ሳትጠጣ ጨመረ?» አለ አንዱ። «ኧረ ይሄስ በዛ! ቦቴው በረረ ስትል ይሻልሃል!»

ቃለ አጋኖ የቦቴውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ያኔ ሳቁ ቆመ። ሾፌሮቹ ሁሉ ቁልፉ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆመው አዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ፣ ዓይናቸውን ወደየራሳቸው ሆድ ቁልቁል ላኩ።