በብርድ ልብስ የተጠቀለለው

“ሐራሚ!” ዴቪድ ጠረጴዛውን በመዳፉ ደበደበው። “የጀነሬተሩ ክፍል ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ሌባ አይደለም ካላችሁ ጀነሬተሩ በእግሩ ሄደ በሉን!”

ተማሪው ሳቀ። ጋትዴት ከኋላ ተቀምጦ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። ሩሃማም ለመሳቅ አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ዴቪድ የማያውቀውን ታውቃለችና። ዓርብ ዕለት ጋትዴት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ታቅፎ፣ ቦዳቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ንያኩሮን ሰፈርን አቋርጦ ሲከንፍ አይታዋለች።

ጀነሬተሩን የማታ ተማሪዎቹ አዋጥተው ነው የገዙት። ኮሌጃቸው የሕግ ረዳትነትንና ፍልስፍናን በአንድ ዲግሪ ያጋባ ነው፤ ጋብቻው ግን ሰላም የለውም። ሰኞ “ሁሉን ጠርጥሩ” ይባላሉ፤ ማክሰኞ ደግሞ “እስኪረጋገጥበት ድረስ ማንም ንጹሕ ነው”። ቀን ቀን የአየር መንገድ ቲኬት ለምትሸጠው ሩሃማ ሰኞ ይቀላታል። እናቷም ከአዲስ አበባ ሲሸኟት “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ብለው ነው የመረቋት።

ሎጂክ የሚያስተምሩት ፌይዝ፣ ፖሊስ ከመጠራቱ በፊት ነገሩን ክፍሉ ራሱ ይስማው አሉ። ጋትዴት ሊመረቅ አንድ ሴሚስተር ቀርቶታል፤ ጥፋተኛ ከተባለ ይባረራል።

“ከዕረፍት በኋላ ያየ ይናገር” አሉ።

ሩሃማ ጋትዴትን ከኒም ዛፉ ሥር አገኘችው። በስደት ያደገው አዲስ አበባ ስለሆነ የሚያወሩት በአማርኛ ነው። ከክፍል ሲወጡ ቦርሳዋን ተሸክሞ እስከ ዋናው መንገድ ይሸኛታል። በጠባቧ መንገድ እሱን ታስቀድማለች፤ ወንድሜ ብትለውም ቦርሳዋን ከዓይኗ አታጠፋም።

“ዓርብ የታቀፍከው ምን ነበር?”

ቁልፉ ጣቱ ላይ ቆመ። “አይተሽኝ ነበር?”

“መልስልኝ።”

“የእናቴ የስፌት መኪና ነው። ለመድኃኒቷ ሸጥኩት።”

“ለማን?”

“ገበያ ላይ ለተገኘ ሰው። ስሙን አልጠየቅኩም።”

“እናትህ ይምጡና ይመስክሩልሃ!”

“እሷ መሸጡን አታውቅም። ሊጠገን ወሰድኩት ብያታለሁ። እዚህ ቆማ ልጅሽ ሌባ ነው ሲሏት ከምትሰማ ብባረር ይሻለኛል።”

ሩሃማ አዘነችለት፤ ወዲያው ደግሞ ጠረጠረችው። ለእናቱ የዋሸ ለእኔ መዋሸት ምን ይገደዋል?

ክፍል ሲገቡ ማርጋሬት ከወንበሯ ብድግ አለች። “ሩሃማ አይታዋለች! ጀነሬተሩን ይዞ ሲሄድ አየሁት ያለችኝ ራሷ ናት።”

ሩሃማ ክው አለች። እውነት ነው፣ ጠዋት እንደዚያ ብላታለች።

“ምን አየሽ?” አሉ ፌይዝ።

“ጋትዴትን። ቦዳቦዳ ላይ።”

“ከጀነሬተሩ ጋር?”

“በብርድ ልብስ ከተጠቀለለ ነገር ጋር።”

“ውስጡስ?”

ጋትዴት አንገቱን ደፍቷል። “ውስጡን አላየሁም” አለች። “ለማርጋሬት ጀነሬተር ነው ያልኳት እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ያላየውን አፌ ጨመረበት።”

“እሺ፣ ምን መሰለሽ?” አፈጠጠባት ዴቪድ።

“የመሰለኝን አልተጠየቅኩም።”

ፌይዝ በዚህ ማስረጃ ሰው አይባረርም ብለው ጨረሱት። ቁልፉን ግን ከጋትዴት ተቀበሉት።

ከግቢው ሲወጡ ጋትዴት እንደ ልማዱ ለቦርሳው እጁን ዘረጋ። ውስጡ የመሥሪያ ቤቷ ላፕቶፕ አለ። የሩሃማ ጣቶች ማንገቻውን አልለቅ አሉ። ጋትዴት ጣቶቿን አያቸው፤ እጁንም መልሶ ኪሱ ከተተ።

“ማላሽ” አለ። “ግድ የለም።”

አፈረች። ልቧ ግን አሁንም ግማሹ የስፌት መኪና፣ ግማሹ ጀነሬተር ይላል። እስኪለይለት ብትጠብቅ ደግሞ ላይለይለት ይችላል። ቦርሳውን አውልቃ ትከሻው ላይ አንጠለጠለችለት።

ጋትዴት እንደ ወትሮው ሊቀድም ሲል ክንዱን ያዘችው።

“ዛሬ እኔ ልቅደም” አለችው፤ እስከ ዋናው መንገድም ወደ ኋላ አልዞረችም።