ለሜሮው የገባሁት ቃል

በስቅለት ባሕር ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ዓሣ ሆኖ ይቀራል። ይህንን በእኛ መንደር ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የእኔ ባል ኤሌውቴሪዮ ግን በስቅለት ሥጋ ስለማይበላ ሐሙስ ዕለት ዓሣ ግዛ ብዬ ብልከው፣ ዶሚኖ ሲጫወት ውሎ ባዶ እጁን መጣ። ዓርብ ጠዋት ባዶ ድስት ይዤ ቆምኩ።

"እንግዲያው ከባሕር አምጣ! ዓሣ ሳትይዝ እዚህ ቤት ድርሽ እንዳትል!" አልኩት። ምላሴን በቆረጠው!

አልተመለሰም። ቅዳሜ ወንድሜ ባሲሊዮ ጀልባውን ድሮ ከመንደራችን ፊት ከሰመጠው መርከብ በላይ ታስራ ባዶዋን አገኛት። ስቅለት አልፏልና ጠልቆ ፈለገው። እየሮጠ ቤት መጣ።

"ኒካሲያ፣ አገኘሁት።"

"ሞቷል?"

"ኧረ ደህና ነው! ሜሮ የሚባለው ዓሣ ሆኗል። ጥጃ የሚያህል ሜሮ። በመርከቡ ካፒቴን ክፍል ውስጥ የታች ከንፈሩን ጥሎ ተጋድሟል። ና ስለው አጉረመረመብኝ።"

"ከንፈሩን ጥሎ?"

"አዎ።"

"ና ስትለው አጉረመረመ?"

"አልኩሽ እኮ!"

በቃ፣ ራሱ ነው።

የሚወደውን በስኳርና በኮኮናት ወተት የበሰለ ቦሎቄ በሳህን ይዤ ሄድኩ። መንደሩ ግማሹ በጀልባ ተከተለኝ። ቦሎቄውን ውኃው ላይ ስደፋው ሳህኑም አመለጠኝ፤ ከሥር አንድ ትልቅ ጥላ ብቅ አለ።

"ወይኔ ኤሌውቴሪዮ! ያለ አንተ ምን ቤት አለኝ? ብቻ ተመለስልኝ! ዶሚኖህን አልናገርህም። እናቴንም እህቴ ቤት እልካታለሁ!"

እናቴ ከጎኔ ጀልባ ላይ ነበረች። "እኔን በዓሣ ስትለውጪ ትንሽ አታፍሪም?" አለች።

ሜሮው ቦሎቄውን ከነሳህኑ ውጦ ወደ መርከቡ ተመለሰ። እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

በፋሲካ ጠዋት ኤሌውቴሪዮ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ በበር ገባ።

"በስቅለት ውኃ ውስጥ የምገባ አብጃለሁ?" አለ። "ሞተሩ እምቢ ሲለኝ በሚያልፍ ጀልባ ተሳፍሬ እናቴ ጋ ሄድኩ። ዓሣ ሳትይዝ አትምጣ ያልሽኝ አንቺ ነሽ!"

እንባዬን ሳልጠርግ በማማሰያው ትከሻውን አቀመስኩት። እሱ ግን ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶት ኖሮ ፈገግ አለ።

"እናትሽ መቼ ነው የሚሄዱት?"

"ቃል የገባሁት ለሜሮው ነው" አልኩት። "እኔ ነኝ ካልክ፣ ባሕሩ ያውልህ፣ ግባ።"

የታች ከንፈሩን ጥሎ ተቀመጠና አጉረመረመ። የዚያን ቀን ማጉረምረሙ እንዴት እንደጣፈጠኝ እኔ ነኝ የማውቀው።