እንደ ፎቶው

ፀጉር አስተካካይዋ የወንድሟን ሁለት ፎቶዎች መስታወቷ ጥግ ላይ የለጠፈችው ናፍቃው አልነበረም። ምኑ ይናፍቃል፤ ሰውዬው በየሁለት ሳምንቱ መጥቶ ወንበሯ ላይ ተዘርግቶ ያንኮራፋል። ፎቶዎቹ መመሪያ ነበሩ። አንዱ ከፊት የተነሳ ነው፤ ጺሙ አገጩ ላይ ሳሳ ብሏል። ሌላው ከኋላ ነው፤ ፀጉሩ ማጅራቱ ላይ ወደ ግራ ሾል ብሎ ይወርዳል። ከእነዚህ በአንድ ጣት ማለፍም ማነስም ክልክል ነበር።

ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ ጎፈሬ ይለዋል። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ እናትም እህትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ የሚጫወተው ደግሞ ከጎማ ጥገና ቤት ሥር ባለች፣ ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳዋ በአሮጌ ፍራሽ በተሸፈነ ምድር ቤት ውስጥ ነው። እሁድ ከሰዓት ሃያ ሠላሳ ሰው እዚያ ተፋፍጎ በላብ እየታጠበ ይሰማዋል። ሬዲዮ አያውቃቸውም። እነሱም ሬዲዮ አንፈልግም ይላሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ዳይሬክተሩ የመጣው በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ድምፅ ቀራጭና በብዙ ወሬ ነበር። ስለ አንድ የምድር ቤት ሙዚቀኛ ፊልም ሊሠራ፣ ዋናውንም ሰው ጎፈሬን ሊያደርግ። ስድስት ሳምንት ይበቃናል ብሎ ነበር፤ ሦስት ዓመት ፈጀ። ገንዘብ ሲያገኝ ሁለት ቀን ይቀርጻል፣ ሲያልቅበት አራት ወር ይጠፋል። የፊልሙ ታሪክ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚያልቅ ነውና ጎፈሬ ሦስቱን ዓመት በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን በተነሱት ሁለት ፎቶዎች ላይ ያለውን ሰው ሆኖ መቆየት ነበረበት። ክርኑ ላይ የተቀደደው ጃኬቱ እንኳ እንዳይሰፋ ታዘዘ።

በሁለተኛው ዓመት የአንድ ሆቴል ባንድ መሪ፣ የእሷው ደንበኛ፣ ቤዝ የሚጫወት ሰው እንደሚፈልግ ነገራት። ቋሚ ሥራ ነው። ጎፈሬንም ሰምቶታል፣ እጁን ወዶለታል። ፀጉሩን ይቆረጥ፣ ጺሙን ይላጭ፣ ሙሉ ልብስ ይልበስ፤ ሌላ ቅድመ ሁኔታ የለውም።

ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

“እታለም፣ የመጨረሻዋ ትዕይንት ብቻ ናት የቀረችኝ። ጊታሬን ይዤ ደረጃውን ወጥቼ ስሄድ። እሷ ካለቀች በኋላ እንደፈለግሽ አድርጊኝ።”

“ላም አለኝ በሰማይ” አለችው።

ብዙም ሳይቆይ እንደ ልማዱ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ቶንዶዙን፣ የፀጉር መላጫ ማሽኗን፣ አስነስታ ማጅራቱ ሥር አደረሰችው። አንድ ጊዜ ወደ ላይ ብትገፋው አለቀ። እጄ ሳተ ትለዋለች፣ ሳምንት ያኮርፋታል፣ ከዚያ ሆቴል ይገባል። ነገር ግን በሃያ ዓመት ሥራዋ የማንንም ፀጉር አበላሽታ አታውቅም፤ ያውም አምኗት የተኛን ሰው። ፎቶውን አየች። ቶንዶዙን አጥፍታ መቀሷን አነሳች። ሆቴሉም ሌላ ሰው ቀጠረ።

ፊልሙ በስተመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ታየ፤ በተጣጣፊ ወንበር በተሞላ አዳራሽ። ሱቋን ዘግታ ሄደች። እውነት ለመናገር ፊልሙ ጥሩ ነበር፤ እሷም ኮራች። መጨረሻ ላይ ሰውዬው ጊታሩን አንግቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ማጅራቱ ላይ ያለው ፀጉር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ያልቃል። አጠገቧ ወደተቀመጠው ወንድሟ ዞረች።

“ይሄ ያንተ ማጅራት አይደለም” አለችው በሹክሹክታ።

“ዝም በይ፣ ይሰማሉ።”

ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ዳይሬክተሩም ዓይኑን በጨው አጥቦ መድረክ ላይ ወጣና፣ ሕይወቱን ለፊልሙ የሰጠ ወንድማችን ብሎ ጎፈሬን አመሰገነ።

ውጭ ሲወጡ ነገራት። ለመጨረሻዋ ትዕይንት ተጠርቶ ሲሄድ ዳይሬክተሩ በካሜራው ውስጥ ብዙ አየው። ፀጉርህ ያው ነው፤ አንተ ግን አንተን አትመስልም አለው። ትከሻው ጎብጧል፣ አካሄዱ ከብዷል። ጃኬቱን አስወልቀው ለአንድ ተማሪ አለበሱት፣ ሰው ሠራሽ ፀጉርም ደፉለት። ከኋላ ማን ያውቃል አሉ።

“መቼ ነው ይሄ?”

“ስምንት ወር ሆነው።”

ስምንት ወር! በእነዚያ ስምንት ወራት ሁሉ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ ተቀምጧል፣ እሷም ፎቶውን እያየች ከርክማለች። ቶንዶዙን ማጅራትህ ሥር አድርሼ ነበር ልትለው አፏ ላይ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ዋጠችው። እሱን ትጥላ፣ ዳይሬክተሩን ወይስ የገዛ እጇን ግን አላወቀችም።

ሰኞ ጠዋት መጣ። ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረችለትና ቶንዶዙን አነሳች።

“ልላጭልህ?”

መስታወቱ ጥግ ላይ ያለውን ሰው ትንሽ አየው።

“እንደ ፎቶው” አለ። “ፊልሙን አይቶ የሚፈልገኝ ሰው ይኖር ይሆናል። ሽበቱን ግን ቀቢልኝ፤ እዚያ ላይ የለም።”

ቶንዶዙን መሳቢያ ውስጥ አስገብታ ጥቁሩን ቀለም በጠበጠች። ከዚያ ማጅራቱ ላይ ያለውን ፀጉር በመቀስ ወደ ግራ ሾል አድርጋ ከረከመችው። እጇ ዛሬም አልሳተም።