ቅቤ የጠጣው አፎት

አባቴ የሽባባውን ሽማግሌዎች አልቀበልም ያለው ሽጉጡ አፎት ስለሌለው ነው። ሳቁ ግዴለም፣ እኔም ስቄያለሁ። ከሳቅኩ በኋላ ግን አለቀስኩ፤ ነገሩ ቀልድ አልነበረማ። አሮጌውን አፎት ከአያቴ የወረሰው ነበር፤ አይጥ በልቶት በልቶት የቀረው ቀበቶ የሚገባበት ማንጠልጠያው ብቻ ነው። አባቴ ዱባለ ደግሞ ለቅሶም ይሁን ሠርግ፣ ያንን ፈቃድ ያለው ሽጉጡን ጎኑ ላይ ሳያደርግ እንግዳ ፊት ተቀምጦ አያውቅም። «ባዶ ወገቤን ሽማግሌ ፊት አልቀመጥም» አለ፤ አለቀ። ከወልቂጤ ገበያ የሸራ አፎት ገዝቼ ብወስድለት «ይሄ የውሃ ኮዳ ማንጠልጠያ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ሽባባው የእንስሳት ሐኪም ነው። ከደብረ ታቦር ወልቂጤ ተመድቦ መጣና እኔ ሞባይል የምጠግንበት ሱቅ ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ይዞ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር። ጥር ላይ ለመጋባት ቆርጠናል። ለጥር ሠርግ ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌ መላክ አለበት፤ ጥር ካለፈ ሁዳዴ ይገባል፣ እሱ ደግሞ ከፋሲካ በፊት ወደ ሌላ ወረዳ እንደሚዛወር ተነግሮታል። እኔ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። ሻይ እስኪፈላ እንኳ ክዳኑን አሥር ጊዜ ነው የማነሳው። ስለዚህ «አፎቱን ራሴ እሠራዋለሁ» አልኩ።

«ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ ሽባባው።

«ካንተ በፊት አግብቼስ አውቃለሁ?» አልኩት።

ሸረፋ የሚባል ሰው ሱቃችን በረንዳ ላይ ጫማ ይሰፋል። ኮርቻ ተሠርቶበት የተረፈ ወፍራም የበሬ ቆዳ፣ ወስፌና ሰም የተቀባ ክር ሰጠኝ። ቀሪውን ከስልኬ ላይ አየሁት። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ እያፏጨ ሲሠራ ልጅ የሚሠራው ነገር ይመስላል። አባቴ ቤት አገና የሄድኩ ጊዜ ሽጉጡን ካርቶን ላይ አስተኝቼ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ስዬው ነበር፤ በዚያው ልክ ሁለት ቁራጭ ቆረጥኩና ጠርዝ ለጠርዝ ሰፋሁት። የተከራየሁት ክፍል ደፍ ላይ ተቀምጬ፣ ጣቴን በወስፌ እየወጋሁ፣ በየመሀሉ እየዘፈንኩ። ሲያልቅ እንደ ትልቅ ባለሙያ ደረቴን ነፍቼ ለሸረፋ ወሰድኩለት። እጁን ሊያስገባበት ሞከረ፣ አልገባለትም።

«ወይንሸት» አለኝ፣ «የአባትሽ ሽጉጥ ወረቀት ነው እንዴ?»

ሽጉጥ ውፍረት እንዳለው ረስቼዋለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ለመልቀምም ጊዜ ስላልነበረኝ ሌላ ቆዳ ቆረጥኩ። አሁን ከእንጨት ሽጉጥ ጠረብኩ፤ ቆዳውን ውሃ ነከርኩት፣ እንጨቱን ውስጡ ከትቼ እየተጫንኩ ቅርጹን አስያዝኩትና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ደርቆ የሽጉጥ መልክ ይዞ ሳየው በደስታ ግቢውን ዞርኩት። ማታ ሽባባው ወገቡ ላይ አስሮ ሲሞክረው ለግራኝ ሆኖ ተገኘ። አባቴ ግራኝ አይደለም። ማልቀስ ሲገባን ሁለታችንም በሳቅ ተንከተከትን፤ አከራዬ እማማ ፀዳለ የሞተ ሰው ያለ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

በሦስተኛው አፎት ሆነ። ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ጠመም ይላል፣ ግን ከሩቅ አይታይም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሸረፋ አየና «ደረቅ ነው፤ ቅቤ አሺው፣ ይለዝባል» አለኝ።

ነገሩ የተበላሸው ይሄኔ ነው። እማማ ፀዳለ ጋ ሄጄ ቅቤ ለመንኩ።

«በጾም ቅቤ ምን ይሠራልሻል?» አሉኝ። የገና ጾም ነበር። ለአባቴ አፎት እንደሆነ፣ እሑድ ሽማግሌ እንደሚመጣ ነገርኳቸው። ለጋ ቅቤ ሊቆርሱልኝ የዘረጉትን እጅ ወዲያው መለሱ። እኛ ጉራጌዎች ለትልቅ ሰው ተራ ቅቤ ከምናቀርብ ባናቀርብ እንመርጣለን።

«ሽማግሌ ፊት ለሚቀመጥ አባትማ ይሄ ነውር ነው» ብለው ለገና ክትፎ ያስቀመጡትን ማሰሮ ከጓዳ አወጡ። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ፣ ገና ሲከፈት ምራቅ የሚያስውጥ ቅቤ። እኔም ልክ ናቸው አልኩ። አባቴ ጥሩው ይገባዋል፣ ቆዳው ላይም ቢሆን። ሁለታችን ተቀምጠን ቆዳው አልጠጣም እስኪል አሸነው። ሽታው አልታወቀሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ቤት የቅቤ ሽታ እንደ አየር ነው፤ ማን ልብ ይለዋል።

ቅዳሜ በሚኒባስ በእምድብር በኩል አገና ገባሁ። ቀኑ ብርድ ነበር፣ ቅቤውም ቆዳው ውስጥ ረግቶ ጸጥ ብሏል። አባቴ አፎቱን አገላብጦ አየው። ሽጉጡን ከተተ፣ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። የሚለውን ለመስማት አፉን አፉን አየዋለሁ።

«ይሁን» አለ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ጣቴ ተወጋግቶ ወንፊት ሆኗል፣ እሱ «ይሁን» ይለኛል። በጣም ከፋኝ። ዞር ብዬ ጥቂት ካለቀስኩ በኋላ ግን ወገቡ ላይ አስሮት ከብት ሊያስገባ ሲወጣ አየሁትና ተጽናናሁ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪያቸው የሽባባው አለቃ አቶ ዘመድኩን ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር አንድ አስተማሪና የአባቴ የገበያ ወዳጅ ጋሽ ከድሮ አሉ። ጋሽ ከድሮ ሙስሊም ናቸው፤ ሽባባው እሳቸውን የላከው አባቴ እምቢ ሊላቸው የማይችለው ሰው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ነው። እኔና እናቴ ምሥራቅ ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሻችንን ውጠን ቆመናል። አባቴ ምድጃው አጠገብ ተሰይሟል፣ አፎቱን በእሳቱ በኩል አድርጎ። ተቀመጡ ሲላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ ወጉ ነው። አቶ ዘመድኩን የሽባባውን ዘርና ጠባይ ዘርዝረው ልጅዎን ለልጃችን አሉ።

«ልጄ ገና ናት» አለ አባቴ። «ሥራ የሚባል አታውቅም። መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንኳ አትችልም። ዓመት ይለፍና ያኔ እንነጋገራለን።»

ልጅን ማሳነስ ያባት ነው፤ እሱን ጠብቄዋለሁ። ዓመት ይለፍ የሚለው ግን የወግ አልነበረም፣ ከልቡ ነው። የእናቴን ክንድ ጨምድጄ ያዝኩ።

ቅቤው የነቃው ያኔ ነው። እሳቱ ሲሞቀው ቀለጠ፤ ኮረሪማው ቀድሞ፣ ኮሰረቱ ተከትሎ ቤቱን ሞላው። አቶ ዘመድኩን ሊመልሱ የከፈቱትን አፍ ዘጉና አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። አስተማሪው ወደ ጓዳ ሰረቅ አድርጎ አየ። እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ «ማነው በጾም ክትፎ የሚሠራው?» አለችኝ። አባቴ በጾም ቀልድ አያውቅም፤ ጎረቤት የወተት ዕቃ ሲያጥብ ካየ እንኳ ቆም ብሎ ለምን እንደሆነ ይጠይቃል።

ከዚያ ውሻችን ቡቺ ከደጅ ገባ። ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ሄዶ አባቴ ጎን ተቀመጠና አፎቱን ይልስ ጀመር። አባቴ እንግዶቹን እያየ በክርኑ ገፋው። ቡቺ ተመልሶ ላሰ።

ጋሽ ከድሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ጾም የለብኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ሥጋችሁንም አልበላም። ስለዚህ የማዳላበት ምክንያት የለኝም። ይሄ የክትፎ ቅቤ ነው፤ ኮሰረቱ ትንሽ በዝቷል።»

«ጋሽ ዱባለ፣ በጾም…» አሉና አቶ ዘመድኩን ሳይጨርሱት ተዉት።

የአባቴን ፊት አየሁት። አገሩን ሁሉ የሚያስጾመውን ሰው እንግዳ ገዛ ቤቱ ቆሞ ጾም ገዳፊ አለው። ሽጉጡን አውጥቶ ለእናቴ አሳልፎ ሰጠና አፎቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ወይንሸት፣ ነይ እስቲ» አለ። ወጣሁ። «በምንድን ነው ያሸሽው?»

«በእማማ ፀዳለ ንጥር ቅቤ» አልኩ። «ለአንተ ነው ብያቸው ጥሩውን ሰጡኝ።»

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሳና አፎቱን ሽማግሌዎቹ ፊት ዘረጋው።

«ሰማችሁ? ጾሜን አልገደፍኩም። የሚሸተው ይሄ ነው። ያዙት፣ እዩት። ልጄ ናት የሠራችው። ማንም አላስተማራትም። ይሄን የመሰለ ድንጋይ ቆዳ ራሷ ቆርጣ፣ ቅርጽ አስይዛ፣ ራሷ ሰፋችው። ስፌቱን ተመልከቱልኝ። አዲስ አበባ ውረዱ፣ እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ካገኛችሁ ምን አለ በሉኝ።»

የጠመመውን ቦታ በአውራ ጣቱ እየደባበሰ ነው ይሄን የሚለው። ቅዳሜ «ይሁን» ያለኝ ሰውዬ። እኔ መሬት አልበቃ አለችኝ፤ ሽማግሌዎቹንም፣ የመጡበትንም፣ ለአፍታ ሽባባውንም ረሳሁ።

አቶ ዘመድኩን አፎቱን አገላብጠው አዩት።

«ጋሽ ዱባለ፣ ስንት ሴት ልጅ አለዎት?» አሉ።

«አንድ። እሷው ናት።»

«መርፌ ላይ ክር ማስገባት የማትችለውስ የማን ልጅ ናት?»

ጋሽ ከድሮ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። አባቴ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየ። አትችልም ቢል ጾም ገዳፊ ሊሆን ነው፣ ትችላለች ቢል ልጁን ሊሰጥ ነው። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ፤ የአባቴ ድምፅ አልመስል አለኝ።

«ትችላለች» አለ። «እሷ የማትችለው ነገር የለም። እኔ ነኝ ያለ እሷ መሆን የማልችለው። ዓመት ያልኩትም ለዚያ ነው።»

ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ ተከተለችኝ። አባቴ አፎቱን ተቀብሎ ወገቡ ላይ መልሶ አሰረና አንገቱን አቀረቀረ።

«ተቀመጡ እንግዲህ» አላቸው። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ።

ኋላ «ያለ ቅቤ ሌላ ልሥራልህ» ብለው «ይሄ ምን ጎደለውና» ብሎ ተቆጣኝ። ጾሙ እስኪፈታ ከወገቡ አልፈታውም። አገና ገበያ ሲገባ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተሰልፎ ይከተለዋል፤ ሰውም ይስቃል። አባቴ ግን ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ጎኑን ያሳያል። «ልጄ ናት የሠራችው» ይላል፤ ትንሽ ይቆይና ማንም ሳይጠይቀው «ጥር ላይ ትዳራለች» ይላል።