እስከ አሥራ አራተኛው ቀን

ጥሩነሽ ልጅ ፈልጋ ያላየችው ፍዳ የለም። ሶዶ ውስጥ ያልጸለየላት የጸሎት ቡድን፣ ያልመከራት ጎረቤት አልነበረም፤ ምክር እንደሆነ ማን ይሰስታል! በመጨረሻ ከባሏ ከኤርሳዶ ጋር አዲስ አበባ ሄደው፣ ክሊኒክ ውስጥ ከሁለቱ ዘር ከማህፀን ውጭ ሦስት ጽንስ ተገኘ። ሁለቱ ማህፀኗ ገብተው አልያዙም። አንዱ ክሊኒኩ ውስጥ በበረዶ ተቀምጦ ቀረ። እሱን ልታስገባ ስትዘጋጅ ደም ፈሰሳት፤ ነፍሷን ለማትረፍ ማህፀኗ ወጣ።

አረካ ያለችው እህቷ ሶልያና፣ "እኔ አረግዝልሻለሁ፤ እህትሽ አይደለሁ?" ብላ ነበር። ሕጉ አይፈቅድም ተባለ።

አንድ ሰኞ ዶክተር ሐመልማል ከክሊኒኩ ደወለች። የቀረው ጽንስ የማቆያ ጊዜው አልቋል፤ ወይ ይወገዳል፣ ወይ ለምርምር ይሰጣል። ውሳኔው የባልና የሚስት ነው።

"ይወገድ" አለ ኤርሳዶ። "ልጄን መሞከሪያ አድርጌ፣ እግዚአብሔር ፊት ምን ብዬ ልቆም ነው?"

ጥሩነሽ ስልኩን አልዘጋችም።

"ዶክተር፣ ከተወገደ መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ከበረዶ በወጣበት ዕለት።"

"ለምርምር ከሆነስ?"

"ላብራቶሪ ውስጥ እያደገ ይጠናል። ግን ከአሥራ አራተኛው ቀን በላይ ማሳደግ ክልክል ነው። እዚያ ላይ ይቆማል።"

"ደህና እያደገ ቢሆንስ? ቢበረታስ?"

"ቢበረታም፣ እህቴ።"

ጥሩነሽ አለቀሰች። ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ ዞረች።

"ይደግ" አለችው። "ለሳይንስ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ለሳይንሱ ባለቤቶቹ ያስቡበት። እኔ የምፈልገው ትንሽ እንዲያድግ ነው። እኔ ጋ ያላገኘውን ጥቂት ቀን እዚያ ያግኝ። ናፍቆኛል፣ ኤርሳዶ። ያላየሁት ልጅ ናፍቆኛል።"

ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ከ"ራት ቀርቧል" እና ከ"እሺ" ያለፈ ወሬ አልነበረም። እሑድ ከቸርች ሲመለሱ፣ ቀና ብሎ ሳያያት "እፈርማለሁ" አላት። አዲስ አበባ ሄደው ፈርመው፣ በአውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመለሱ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ዶክተር ሐመልማል ደወለች። ከበረዶ ወጥቷል፤ ማደግ ጀምሯል። ሁለቱም ስልኩ ላይ ጆሯቸውን ገጥመው ሰሙ።

ያን ቀን ደግሞ ከስንት ጊዜ በኋላ የቧንቧ ውሃ መጣ። ጥሩነሽ ጀሪካኑን ሞልታ ልታነሳ ጎንበስ አለች። ኤርሳዶ ከቤት ወጥቶ እጇን ያዛት።

"ተይው" አላት ቀስ ብሎ። "በዚህ ሰሞን ከባድ ነገር አታንሺ።"