ባል የያዘው ስልክ

ሐኪሟ ባልና ሚስቱን ያወቀቻቸው በስክሪን ነው። ባል ስልክ ጠጋኝ ነበር፤ ሚስት ልብስ ሰፊ። ክሊኒኩ በሽተኛን በቪዲዮ ማየት ከጀመረ ወዲህ የሐኪሟ ሥራ ግማሹ እንዲህ ሆኗል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ትቀመጣለች፣ ሰውም ከየቤቱ ጉሮሮውን ለስልክ ይከፍታል። ጥቅም የለውም አትልም። ከአልጋ መውረድ ያቃተው ሽማግሌ ተኝቶ ይታይበታል፤ የታመመ ልጅ ያዘለች እናት ወረፋ ላይ አትውልም። ብቻ ዕድሜዋን ሙሉ ሆድ ሲዳብስ የኖረው እጇ ሥራ ፈቶ መዋሉ ይከነክናት ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል ፊቷ ግማሹ ብቻ ነበር የሚታየው። ስልኩን የያዘው ባሏ ነው።

«ከደረጃ ወድቃብኝ ነው፣ ዶክተር» አለ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ቃል ይመርጣል። «እሷ ስልክ አይሆንላትም። እኔ ያው ሥራዬም ስለሆነ ይዤላታለሁ።»

«ደግ አደረጉ። እህቴ፣ የት ጋ ነው የሚያምሽ?»

«ጎኔን።»

«ስትተነፍስ ይብስባታል» አለ ባል።

በፊት ቢሆን ሐኪሟ መላ ነበራት። ሚስቱን ቀድሞ የሚመልስ ባል ሲገጥማት «አንዴ ውጭ ይጠብቁን፣ ልመረምራት ነው» ትለዋለች። በሩ ይዘጋል። ሴትየዋም አንዴ በሩን፣ አንዴ ሐኪሟን አይታ የሆዷን ትዘረግፈዋለች። አሁን ግን የሚዘጋ በር የለም። በሩ ራሱ ባልየው እጅ ላይ ነው።

«ልብሷን ገለጥ አድርጋ ጎኗን ታሳየኝ።»

ስልኩ ወደ ታች ወረደ። ከብብቷ ጀምሮ እስከ ወገቧ ድረስ አንዱ ጠቁሮ፣ አንዱ ወይን ጠጅ መስሎ፣ አንዱ ወደ ቢጫ ሄዶ፣ ምት በምት ላይ ተደርቧል። አንደኛው የጫማ አፍንጫ ቅርጽ አለው። ክንዷ ላይ ደግሞ ቀጭን ገመድ ያረፈበት የሚመስል ሰንበር ተጋድሟል።

«ጣትሽስ ምን ሆኖ ነው ያበጠው?»

«በር... በር ተዘግቶብኝ።»

«አሁን ደረጃ ነው አላላችሁኝም?»

ባል ሳቀ። «ይህቺ ሴት ዕድለ ቢስ ናት፣ ዶክተር። ደረጃው ሲለቃት በሩ ይቀበላታል።»

ሐኪሟ አብራው ፈገግ አለች። ፈገግታው ጥርሷ ላይ ብቻ ነበር። «እንግዲያው ወንድሜ፣ ስልኩን አንድ ነገር ላይ ያስደግፉትና ትንሽ ውሃ ያፍሉልኝ። ጎኗን በጨርቅ ትተኩስበታለች። እኔ እስከዚያ አተነፋፈሷን ልቁጠር።»

ሰውየው ጥቂት አመነታ። ከዚያ «የተጣደ ውሃ አለ» ብሎ ስልኩን የልብስ ስፌት መኪናው ላይ አስደግፎ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሴትዮዋ ፊት ሙሉውን ታየ። አንዱ ዓይኗ ደም ለብሷል።

ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አትናገሪ። ራስሽን ብቻ ነቅንቂልኝ። እሱ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ማዕድ ቤቱ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«እሺ፣ እሱ ነው። ወጥተሽ መሄድ ትችያለሽ?»

«ቁልፉ እሱ ጋ ነው» አለች በትንፋሽ። «ይቆልፍብኛል።»

«አይዞሽ። አሁኑኑ ሰው እልክልሻለሁ። ምንም እንዳልተባለ ሁኚ።»

ሐኪሟ ቶሎ ጨርሳ ፖሊስ መጥራት ፈለገች። ስክሪኑ ላይ «ጨርሻለሁ» የሚለውን ተጫነች።

ክሊኒኩ በቅርቡ ያስገባው አንድ ፕሮግራም ነበር፤ ሠራተኞቹ «ጸሐፊው» ይሉታል። ቪዲዮው ክፍት እስከሆነ ድረስ የሚባለውን ሁሉ እየቀዳ ይጽፋል፣ ሐኪም ሲጨርስም ማጠቃለያውን በታካሚው ስልክ ላይ ጮክ ብሎ ያነባል። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ታስቦ የተደረገ ነገር ነው። ቀድሞ ማጠቃለያው ከመሄዱ በፊት ሐኪም ያየው ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ሥራ አስኪያጁ «ለዚህ ሁሉ ጊዜ ማን አለው?» ብሎ ሳይታይ በቀጥታ እንዲሄድ አድርጎታል። ለሐኪሟ የነገራት አልነበረም።

ቪዲዮው ገና አልተዘጋም። ባል እንፋሎቱ የሚወጣ ድስት በሁለት እጁ ይዞ ሲመለስ ታየ። በዚያው ቅጽበት ከስልኩ ውስጥ ለስላሳ የሴት ድምፅ ማንበብ ጀመረ።

«የዛሬው ምርመራ ማጠቃለያ። በታካሚዋ ጎን ላይ በተለያየ ጊዜ የደረሱ የምት ምልክቶች ታይተዋል። ጉዳቱ በመውደቅ የመጣ አይመስልም። ታካሚዋ ጉዳቱን ያደረሰባት ባለቤቷ መሆኑን አረጋግጣለች። ቤት እንደሚቆልፍባትም ገልጻለች። ሐኪሟ ሰው እንደምትልክ አሳውቃለች። መልካም ጤንነት እንመኝልዎታለን።»

ሐኪሟ «ዝም በል!» ብላ ጮኸች። ለማን እንደጮኸች እሷም አታውቅም።

ሰውየው አልተቆጣም። ድምፁ እስኪያልቅ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ የፈላውን ውሃ ሚስቱ ላይ ደፋው።

ፊቷን ስታዞር ትከሻዋና አንገቷ ላይ አረፈ። ጩኸቷ በሐኪሟ ማዳመጫ ውስጥ እንደ መርፌ ገባ። ባዶውን ድስት በራሷ ላይ አሳረፈው። ስትወድቅ ፀጉሯን ጨብጦ አነሳት፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጫት፣ እንደገና ለቀቃትና የታመመ ጎኗን እየፈለገ በእግሩ ይላት ጀመር። አይቸኩልም። የተበላሸ ስልክ እንደሚፈታ ሰው ቦታውን እያየ ነው የሚመታው።

«እያየሁህ ነው! ፖሊስ እየመጣ ነው!» አለች ሐኪሟ።

ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ በቀጥታ ተመለከታት። «ማጠቃለያውን ሰምቻለሁ፣ ዶክተር። እግዜር ይስጥልኝ።»

ጩኸቱን ሰምታ ነርሷ በሩን ከፍታ ገባች። ሐኪሟ ዓይኗን ሳትነቅል «ፖሊስ! አምቡላንስ! አድራሻቸው እዚያው ተመዝግቧል፤ የዘመድ ስልክም ካለ ደውዪ!» አለቻት። ነርሷ ሮጠች። ሐኪሟ ግን የት ትሩጥ? ሁሉ ነገር ፊቷ ላይ ነው፤ እጇ ግን ከመስታወቱ አያልፍም።

ባል አሁን ሚስቱ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ አንገቷን ይዟል። የተቃጠለው ቆዳ በጣቶቹ ሥር ይላጣል። እግሮቿ መሬቱን ሲደበድቡ የስፌት መኪናው ተነቃነቀና ስልኩ ወለሉ ላይ በጎኑ ወደቀ፤ ቤቱም ሰውም ተጋደመ። የሴትዮዋ እጅ ከጠረጴዛው ሥር ሲዳብስ፣ ክር ሲይዝ፣ ክሩን ሲጥል፣ ከዚያ ትልቁን የጨርቅ መቀስ ሲያገኝ ሐኪሟ አየች።

ጭኑ ላይ ሰካችው። ነቀለችው።

ሰውየው አንገቷን ለቆ ጭኑን አየ። የተቆጣ ሳይሆን የተገረመ ይመስል ነበር። ደሙ በሱሪው ላይ አልተንጠባጠበም፤ እየዘለለ ነው የወጣው። ሊነሳ ሞክሮ በቂጡ ተቀመጠ፣ ቀጥሎም በጀርባው ተዘረጋ።

ሐኪሟ ደሙ እንዴት እንደሚዘልል ስታይ ዋናው የደም ሥር እንደተቆረጠ ገባት። ቶሎ ካልታሰረ አምቡላንሱ ሬሳ ነው የሚያነሳው። ሰፊዋ ግድግዳ ተደግፋ፣ መቀሱን እንደያዘች፣ የባሏን ደም ታያለች። ሐኪሟም ታያለች። ሁለት ሴቶች ዝም ብለው የአንድ ሰው ደም ሲፈስ አዩ።

በመጨረሻ «እህቴ» አለች ሐኪሟ። «መቀሱን ጣዪና ቅረቢው። መታሰር አለበት።»

«ይሙት።»

«እህቴ...»

«ይሙት አልኩዎት እኮ! አልሰሙም? ወይስ ይሄም ተጽፎ ይነበብ?» ድምፅዋ ከታነቀ ጉሮሮ የሚወጣ ሻካራ ነበር።

«ብቻሽን ነሽ፣ በሩም ተቆልፎብሻል» አለች ሐኪሟ። «እጄን ልልክልሽ አልችልም። እጅ ያለሽ አንቺ ነሽ። ለእሱ ብለሽ አይደለም፤ ለእሱ ብለሽ ምንም አታድርጊ። ጨርቅ ያዢና ከቁስሉ በላይ እሰሪው።»

ሴትዮዋ መቀሱን ጣለችው። ከዚያ በጉልበቷ እየዳኸች መጣች። እጇ መጀመሪያ ያገኘው ወንበር ላይ የተዘረጋ ሰማያዊ ሐር ነበር።

«ይሄ የደንበኛ ነው» ብላ መለሰችው። የባሏን ሸሚዝ ከአንገቱ ጀምራ ቀደደችው።

«እንደሱ። አሁን ቋጥሪው። የእንጨት ማስመሪያ የለሽም? ቋጠሮው ውስጥ አስገቢውና አዙሪ። እስኪጮህ አዙሪው።»

አዞረችው። ሰውየው ጮኸ። እሷም ከሚገባው በላይ አንድ ዙር ጨመረች፤ ሐኪሟም በቃሽ አላለቻትም።

ቁልፍ ሲዞር ተሰማ። የገባችው አማቷ ናት፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ነርሷም የደወለችው ለእሷ ነበር። ለካ ሁለተኛው ቁልፍ እሷ ጋ ኖሯል።

«ልጄን! ልጄን ገደልሽብኝ!» ብላ ጮኸችና ተንደርድራ ምራቷን ልትመታ እጇን አነሳች። ከዚያ የሴትዮዋን አንገት አየች። የተላጠው ቆዳ ሸሚዟ ላይ ተጣብቋል። አሮጊቷ እጇን እንዳነሳች ቀረች።

«እማማ» አለች ሐኪሟ ወለሉ ላይ ከወደቀው ስልክ ውስጥ፣ «ማስመሪያውን እርስዎ ይያዙ። እሷ ትንሽ ትረፍ።»

አሮጊቷ ድምፁ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ተንበርክካ ያዘች። ፖሊስና አምቡላንስ ሲደርሱ ያገኟቸው እንዲሁ ነው።

ሰውየው ተረፈ። እግሩ ግን እንደ ፊቱ አልሆነም፤ ፍርድ ቤት የቀረበው በክራንች ነው። ጸሐፊው የቀዳው ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በችሎቱ ተሰማ። የሰውየው ጠበቃ «ይሙት» የምትለዋን ቃል ደጋግሞ አስደመጠ። ሚስቱ ልትገድለው ነበር፣ ሐኪሟም ተባብራታለች ብሎ ተከራከረ። ነገሩን የለወጠችው አሮጊቷ ናት። ለልጇ እንድትመሰክር ተጠርታ መጥታ ዳኛውን እንዲህ አለች፦

«ጩኸቷን ስሰማ ነው የኖርኩት፣ ጌታዬ። ሬዲዮ ከፍ አደርግበት ነበር። እኔም የአባቱን ዱላ ችዬ ኖሬያለሁ፤ እሷም ትቻለው ብዬ ነው። ያን ቀን ቁልፉን ይዤ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። የገባሁት ልጄ ሲጮህ ነው።»

ሰፊዋ ራሷን ተከላክላለች ተብላ ተለቀቀች፤ ባል ታሰረ።

ክሊኒኩ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ሐኪሟን ቢሮው ጠርቶ «ጸሐፊው እኮ አልተሳሳተም» አላት። «አንድ ቃል አላዛባም።»

«ልክ መሆኑማ ነው ሊያስገድላት የነበረው» አለችው። «እኔ እውነቱን ለማን እንደምናገር አውቃለሁ። እሱ ስልኩን ማን እንደያዘው አያውቅም።» ማጠቃለያው እንደ ቀድሞው በሐኪም ታይቶ እንዲሄድ እስኪደረግ ድረስ አንድም በሽተኛ በቪዲዮ አላይም ብላ ተቀመጠች። አጉረመረመ፣ ኋላ ግን አስተካከለው።

ከወራት በኋላ ልብስ ሰፊዋ በእግሯ መጣች። ከእህቷ ጋር ነው የምትኖረው። ሐኪሟ የአንገቷን ጠባሳ አየች፣ ጎኗን በእጇ ዳበሰች፣ አጥንቱ እንደገጠመ ነገረቻት። ልብሷን እየቆለፈች ሳለ ሰፊዋ ድንገት ጠየቀች።

«ያኔ ደሙ ሲፈስ ዝም ያሉት ምን እያሰቡ ነበር?»

ሐኪሟ ልትዋሽ ትችል ነበር። «እንዲሞት» አለች።

«እኔም። ታዲያ ምን አናገረዎት?»

«ከሬሳ ጋር ተቆልፈሽ ልትቀሪ ነው ብዬ።»

ሰፊዋ የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈች። «እኔ ግን እስካሁን ቢሞት ይሻል ነበር የምልባቸው ቀኖች አሉ» አለች። «ያሰቡትን ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ዝም እንዳሉ እንዲቀሩ እለምንዎት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አይ፣ አያውቁም» አለች ሰፊዋ፤ በቁጣ ግን አልነበረም። ነርሷ አንኳኩታ ሌላ ታካሚ እየጠበቀ መሆኑን ስትናገር ሐኪሟ ተነስታ እስከ በሩ ሸኘቻት።