የሙጂባ አፉታ

ደሴ ያሉት ሐኪሞች «ጉበቷ አልቋል፤ ቤቷ ወስዳችሁ አስታምሟት» ሲሉ ኑርሀያት ሰማች፤ ሰማችና አልሰማሁም አለች። «የሐኪም ወሬ! እናቴን የያዛት ብርድ ነው» ብላ ሙጂባን በሚኒባስ ይዛት ሐይቅ ከተማ ቤታቸው ገባች። ጎረቤት ዱዓ ሊያደርግ ሲሰበሰብ «ምን ሆነች ብላችሁ ነው ፊታችሁን የምታጠቁሩት?» እያለች አፈጠጠችበት። ግትር ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት የሠራችባቸው ዓመታት እንኳ አላለሰለሷትም።

አንድ ማለዳ ሙጂባ «ኑሬ፣ ኢንሳፍን ጥሪልኝ፤ አፉ እንባባል» አለቻት።

የኑርሀያት ደም ፈላ። ኢንሳፍ አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ናት። ኑርሀያት ጅዳ ሳለች «እዚያ ወልዳ ጥላለች አሉ» ብላ ያስወራችው እሷ ናት። ያን ሰምተው የእጮኛዋ ቤተሰቦች ኒካው ሊታሰር ሲል እምቢ አሉ። ሙጂባም ከዚያ ወዲህ የኢንሳፍን ደጅ ረግጣ አታውቅም።

«እሷን? በስሜ የተጫወተችውን?»

«ላንቺ ብዬ ተጣላኋት፤ አሁን ደግሞ ለራሴ ብዬ ልታረቅ። ቂም ይዤ አልሂድ።»

«የት ነው የምትሄጂው? ወዴትም አትሄጂም!»

በሽተኛ ጎረቤቱን ጠርቶ አፉ በሉኝ ያለ እንደሆነ መሄዱ ነው፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ኢንሳፍን መጥራት እናቴ ልትሞት ነው ብሎ ማመን ነው፤ ያንን ደግሞ ኑርሀያት አንገቷ ቢቆረጥ አታደርገውም። ሻርፗን ጣል አድርጋ ወጣች፤ ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ሐይቁ ዳር ዞር ዞር ብላ ተመለሰች።

«እምቢ አለች። ‹ትሙት እንጂ እግሬን አላነሳም› ነው ያለችሽ።»

ወይ ውሸት! ቅንጣት አላፈረችም።

ሙጂባ ይህን ስትሰማ ምን ብትሆን ጥሩ ነው? ቀና ማለት ያቃታት ሴት በክርኗ ተደግፋ ቁጭ አለች። «እኔን? ምጥ ይዟት ስትጮህ ያዋለድኳትን እኔን? አምጪው ያንን መረቅ!» አለችና የዓሣ መረቁን ተቀብላ ጠጣችው።

የኑርሀያት ልብ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። የሚሞት ሰው እንዲህ ይቆጣል? መድኃኒቱ ተገኘ! ከዚያ በኋላ በየቀኑ አዲስ ነገር ታመጣላት ጀመር። «ኢንሳፍ በሽታሽን ሰምታ ሳቀች»፤ «ኢንሳፍ ‹የእጇን ነው ያገኘችው› አለች»። ሙጂባ በተናደደች ቁጥር ትቀመጣለች፤ ትጎርሳለች። ምስኪኗ ኢንሳፍ ግን እርጎ ይዛ በሩ ላይ በመጣች ቁጥር «ተኝታለች» ተብላ ትመለሳለች። ኑርሀያት በሩን ስትዘጋባት እንዴት ደስ እንደሚላት! እናቴ ትድናለች፤ ያቺ ምላሰኛ ደግሞ አፉ ሳትባል ቂያማ ድረስ ትቃጠል።

ቁጣው ግን ሥጋ አልሆነም። የሙጂባ ሆድ አበጠ፤ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ኑርሀያት «መብራቱ ነው» አለች።

ጁምዓ ዕለት መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ኢንሳፍን አልጋው ሥር ተንበርክካ አገኘቻት።

«ውጪልኝ!» ብላ ጮኸች።

«ተያት» አለች ሙጂባ።

ኢንሳፍ እያለቀሰች ነበር። «ምላሴ ነው ያጠፋኝ፣ ሙጂ። ስንቴ መጥቼ ተመለስኩ! ወላሂ ማንም አልጠራኝም፤ ብትጠሪኝ በእንብርክኬ እመጣ ነበር።»

ሙጂባ ልጇን አየቻት። «አልጠራሻትም?»

«እማ፣ እየተሻለሽ እኮ ነው... ስትቆጪ ትበያለሽ...» አለች ኑርሀያት።

ሙጂባ ወደ ኢንሳፍ ዞረች። «እኔ አፉ ብዬሻለሁ። አንቺም አፉ በይኝ፤ ባላልሽው ነገር ስረግምሽ ነው የሰነበትኩት።»

«አፉ ብያለሁ እህቴ፤ አላህም አፉ ይበለን።»

«እንግዲያው ቃል ግቢልኝ። ስሞት አንቺ ነሽ የምታጥቢኝ። እሷ እጇን እንዳታሳርፍብኝ።»

ኢንሳፍ ክው አለች። «ኧረ ሙጂ! የአብራክሽ ክፋይ እያለች? እናትን ማጠብ የሴት ልጅ ሐቅ አይደለም ወይ?»

«ሐቋን ነስቻታለሁ። አንቺ ነሽ አልኩ!» ሙጂባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ማን ሞተና ነው የሚታጠበው?» ኑርሀያት አልጋውን ይዛ ነቀነቀችው። «እናቴ አትሞትም! እማ፣ ንገሪያት እንጂ! እማ!»

ሙጂባ ከግድግዳው ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ የኢንሳፍን እጅ ፈልጋ ያዘች።